ዘጠና ዘጠኝ

ሌሊት ዝናብ ጥሎ፣ ማርቆስ ጭቃ ለብሳ፣
የፕሮፌሰር ይታይሽ የቢሮዋ ዕቃ ተነሣ።
የዐሥራ ስድስት ዓመት የተሞላ መጠይቅ፣
አርባ አንድ ካርቶን፣ በሲባጎ ጥብቅ።
የጫንሁት፣ ያወረድሁት፣ የቆጠርሁት እኔ፤
ፊደሉን ወደ ቁጥር የቀየረው ዐይኔ።

ምንድን ነው ሥራዋ ሲሉኝ እንዲህ ነው የምለው፦
ሰው ሐኪም ፊት ቀርቦ
እሺም እምቢም ሳይል
በልቡ የሚያመላልሰውን ነው እሷ የምትለቅመው።

ሁለት ወረቀት ነበራት፣ የሰው ልብ መፈተኛ፣ መምረጫ፤
አንደኛው ነጭ ነው፣ ሁለተኛው ቢጫ።
ነጩ «ከመቶ ሰው ዘጠናው ይድናል»፣
ቢጫው «ከመቶ ሰው ዐሥሩ ይሞታል»።
ሒሳቡ አንድ ነው፤ ልጅ እንኳ ያውቀዋል፤
ግን ነጭ የደረሰው ይፈርማል ቶሎ፣
ቢጫ የደረሰው ይሄዳል «ልማከር» ብሎ።
በዚህች በነጭና ቢጫ ስሟ ባሕር ተሻገረ፣
ፕሮፌሰር ተባለች፣ ደመወዟ ጨመረ።
(የኔው ያው ነበረ።)

ፍኖተ ሰላም ላይ፣ በሆስፒታሉ በረንዳ፣
አንድ ሰው ተቀምጧል፣ እግሩ የተጎዳ።
አያ ምንይችል ነው፣ የደምበጫ ወፍጮ ዘዋሪ፣
«ስኳር አለብህ» ሲሉት፣
«ዱቄት እንጂ ስኳር መቼ ቀመስሁ?» ባይ ተከራካሪ።
ሁለት ጣቱ ጠቁሯል፤ «ይቆረጥ» ብለዋል፣ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ፤
እሷ ነጩን አነበበችለት፣ የኔ ዐይን ሰዓቴ ላይ።

ሰማት እስክትጨርስ። እጁን ከጉልበቱ ሰበሰበ፤
እህል እንደሚመዝን ሰው፣ ፊቷን አነበበ።
«ዘጠናዎቹን እግዜር ይማር፣ ዐሥሩንም ነፍስ ይማር፤
እኔን ከየቱ ጋ ቆጠርሽኝ፣ አንቺ የቁጥር መምህር?
ቁርጡን ንገሩኝ ስል፣ ይቆረጥ ይሉኛል፤
ቆራጥ ሁን ይሉኛል፤ ተስፋ አትቁረጥ ይሉኛል፤
ይኸን ሁሉ ቁርጥ አንድ እግር ምን ይችላል?
አንቺ ብትሆኚስ? ይኸ እግር ያንቺ ቢሆን?»
አለና ዝም አለ። ዝናቡ ይመታል ቆርቆሮውን።

ሕጉን አውቀዋለሁ፦ ጠያቂ አይመክርም፣
ጠያቂ አይመርጥም፣ ጠያቂ አይመልስም።
እሷም ሕግ አክባሪ ናት፤ አልተነፈሰችም።
በከዘራው ተነሣ፤ ለደምበጫ ሚኒባስ ሁለት ሰው ይቀራል፤
እሷ ቅጹን ሞላች፦ «ምላሽ፦ አልተሰጠም» ይላል።
ማታ በኮምፒውተር፣ ሁለት መቶ ዐሥራ አራት ከሚለው ቁጥር አንጻር፣
ዘጠና ዘጠኝ መታሁ። ላልተመለሰ ነገር
ያወጣነው ምልክት ነው፣ ከስሌቱ የሚያስቀር።
ይቆረጥ አይቆረጥ፣ አላወቅንም ከቶ፤
በዓመቱ በዚያ ሳልፍ
ወፍጮው ይሠራል፣ ሌላ ሰው ገብቶ።

ባለፈው ኅዳር ነው፣ ባሕር ዳር ደርሳ መጣች፤
ፖስታ በእጇ ይዛ፣ ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች፤
«ጡቴ ላይ ነው» አለች።
«ሐኪሙ የቀድሞ ተማሪዬ፤ 'ከመቶ ሰማንያው...' ሲል
ሳቄ መጣ፤ የኔን ነጭ ወረቀት ነው የሚያነበው፣ ቃል በቃል።
እናትህ ብሆንስ? አልሁት» ብላ ጫማዋን አየች፤
«ጎበዝ ተማሪ ነበር። ዝም አለኝ» አለች።

ዛሬ ካርቶን ሳስር «ሁለት መቶ ዐሥራ አራትን አውጣልኝ» አለችኝ፤
ዳሩን አይጥ በልታዋለች። ሳቀብላት አላየችኝ።
ከ«አልተሰጠም» ሥር በቀይ፣ እጇ እየተንቀጠቀጠ፣
ጻፈች፦ «ሰውዬው ጠይቋል። መልስ ያልሰጠሁት እኔ ነኝ።»
ቀለሙ ወረቀቱ ውስጥ ሰመጠ።

ካፖርቷን ደረበች። ሐሙስ ነው ቀጠሮዋ፤
የወሰነችውን አልጠየቅኋትም፣ አልነገረችኝም እሷ።
እኔ ኮምፒውተሩን ከፍቼ ተቀምጫለሁ እስካሁን፤
አጥፍቼዋለሁ ዘጠና ዘጠኙን፤
በምትኩ ምን ልጻፍ? ረድፉ ሁሉም አለበት፦
ዕድሜ፣ ጾታ፣ ቀበሌ፣ የቁስሉ ስፋት፤
ጠያቂዋ የተጠየቀችው ግን
የሚገባበት ዐምድ የለበት።